የአዱሬ አመድ

«ድመቷ ከሄደች እሷም ትከተላታለች። አንተ ምንም ማለት አይጠበቅብህም» አለች ነፃነት።

ሽብሬ ይህን የሰማችው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታጥፍ ነው። የእሷን ክፍል ከወንድሟ መኝታ ቤት የሚለየው አንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ማን እንደሳለ፣ ማን እንደተገላበጠ ሳይቀር ታውቃለች። ሌሊት የወንድሟ ልጅ ዳናዊት ትንፋሽ አጥሯት፣ ደረቷ እያፏጨ፣ በባጃጅ ሆስፒታል ወስደዋት ነበር፤ የተመለሱት ሲነጋጋ ነው። ልጅቷ አሁን ተኝታለች። ባልና ሚስቱ ግን አልተኙም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ሽብሬ መጀመሪያውን አልሰማችም፤ የሰማችው «ድመቷ ከሄደች» ከሚለው ወዲህ ያለውን ነው። ነፃነት ይህን ቤት በትዳር ከረገጠች ጀምሮ የባሏን ታላቅ እህት «እሳቸው» እንጂ «እሷ» ብላ አታውቅም። ዛሬ «እሷ» አለች። ሽብሬ ነጠላዋን በግማሽ አጥፋ እንደያዘች ወንድሟ የሚመልሰውን ጠበቀች። አራጌ፣ «ማታ ሱቅ ስዘጋ ወስጄ ለሁሩሙ ሚኒባስ እሰጣታለሁ። እዚያ ማር ነጋዴው ወዳጄ ጋ ትሆናለች፤ መጋዘኑን አይጥ ፈጅቶታል» አለ። ይህ ስለ ድመቷ ነው። ስለምትከተለው አንድ ቃል አልወጣውም።

ሽብሬ ተነሣች፤ ምን ልታደርግ እንደተነሣች ግን አላወቀችም። ጫማዋን አጠለቀች፣ መልሳ አወለቀች። የተጠረገ ወለል ጠረገች። ከወሎ በሠፈራ ሲመጡ አራጌ ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን ነበር፤ እናትና አባታቸውን ያው የሠፈራው ዓመት ስለወሰዳቸው ያሳደገችው እሷ ናት። ይህን ግን በዚህ ቤት ውስጥ ማንም አንሥቶት አያውቅም፣ እሷም አታነሣውም። ትከተላታለች። ወዴት? ቡሬ ከተማ፣ ሸዋ የምትባል የአጎታቸው ልጅ አለች። ሸዋ መልካም ሴት ናት፤ ቤቷ ግን በልጅ ልጅ የተሞላ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከብቶቹ ከሚያድሩበት በስተጓዳ ነው የሚነጠፍለት። ሽብሬ ቡሬ ለለቅሶ በሄደች ቁጥር እዚያ ጓዳ ተኝታ ታውቃለች፤ ለማደር ይሆናል። ለመኖር መሆኑን አስባው አታውቅም ነበር። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችውና እንደገና አነሣችው።

ድመቷ አልጋው ሥር ነበረች። ስሟ አዱሬ ነው፤ አዱሬ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣችላት ዳናዊት ናት፣ ሌላም አላስፈለጋት። ከአጥሩ ማዶ ያለው የቡና መጋዘን ኅዳር በመጣ ቁጥር ለአይጥ መርዝ ይበትናል። መርዝ የበላ አይጥ የበሉ የሠፈር ድመቶች ሆዳቸው ተነፍቶ ቦይ ውስጥ መገኘት ሲጀምሩ ሽብሬ አዱሬን ከቤት እንዳትወጣ ዘጋችባት። ከቤት የማትወጣ ድመት ደግሞ የምትጸዳዳበት ይፈለግላታል። ሽብሬ ጎኑ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አልጋዋ ሥር አስገብታ ከማድቤት አመድ ሞላችበት። አመድ ሽታ ይውጣል፣ ከእጅም አይጠፋም። እንዲያው በጥሬውም አትሞላውም፤ የከሰል ስባሪ የአዱሬን መዳፍ እንዳይወጋት ብላ በዱቄት ወንፊት እየነፋች ነው የምትጨምረው። ዳናዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ የአክስቷ ክፍል ወለል ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ድመቷን ታያለች። ድመቷ አመዱን ስትጭር ደግሞ ትስቃለች፤ ለምን እንደሚያስቃት እንጃ።

ሽብሬ ጀሪካኑን ልትደፋው ጎትታ አወጣችው። በምሥራቁ መስኮት የገባው የጠዋት ፀሐይ ወለሉ ላይ ቀጭን መስመር ሠርቷል። አዱሬ እንደ ልማዷ ከኋላ መጥታ ዘላ ገባችና መጫር ጀመረች። ያኔ ነው ሽብሬ ያየችው። ከጀሪካኑ አፍ ነጭ ብናኝ ተነሣ፤ በፀሐዩ መስመር ውስጥ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ተንሳፈፈ፣ ወለሉን ተከትሎ ተዘረጋ። ድመቷ ጨርሳ ከወጣች በኋላም አልወረደም። ሽብሬ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ተንበረከከች፤ ከዚያ ዳናዊት እንደምትተኛው በሆዷ ተኛች። ብናኙ ልክ አፍንጫዋ ፊት ነበር። ነፃነት ከባጃጁ ስትወርድ በር ላይ የነገረቻት የሐኪሙ ቃል ትዝ አላት፦ «አቧራ፣ ጭስ፣ የእንስሳ ፀጉር፣ ሽቶ ያስነሣባታል አሉ።» ነፃነት ከዚያ ሁሉ ፀጉሩን ያዘች። ሽብሬ ወለሉ ላይ እንደተጋደመች ሌላውን ያዘች፤ አቧራውን። አመዱን እዚያ ያስቀመጠው ሌላ ሰው አይደለም። የነፋችውም እሷ ናት፣ ያለሰለሰችውም እሷ ናት።

ለማንም አልተናገረችም። አመዱን ከግቢ ውጭ ጉድጓድ ውስጥ ደፋች፤ ትንሽ ግን በቆርቆሮ ጣሳ አስቀረች። አዱሬን ክፍሏ ውስጥ ቆለፈችባትና ነጠላዋን ደርባ ወጣች። አራጌ ቀድሟት ሱቁን ሊከፍት ሄዷል። ነፃነት የምትሠራበትን ቢሮ አስፈቅዳ ቀርታ ማድቤት ደጃፍ ላይ ለልጇ አጃ ታማስላለች። «ደኅና አደሩ?» አለቻት፤ «ደኅና፣ እንዴት ናት?» አለች ሽብሬ፤ «ተኝታለች» አለች። ሽብሬ በግቢው በር ወጣች።

አስፋልቱ ዳር ገና በመሠራት ላይ ያለ ፎቅ አለ፤ ከፊቱ ከሶር ወንዝ የመጣ አሸዋ ተቆልሏል። ሽብሬ ዘበኛውን ለምና አንድ ፌስታል ዘገነች። ከዚያ እዚያው ቆማ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው እጇ ታፈስሰው ጀመር። ሻካራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ደቃቁ ግን ነፋስ እየወሰደው ቀሚሷ ላይ ያርፋል። ባይታጠብ ነው አለች። ግቢ ይዛው ተመለሰችና በሳፋ አድርጋ ቧንቧ ሥር አጠበችው። ውሃው እንደ ጭቃ ደፈረሰ፤ ደፋችው፤ ደግማ አጠበችው፣ ደግማ ደፋች፤ ሲጠራ ቆርቆሮ ላይ ዘርግታ ለፀሐይ ሰጠችው። ነፃነት ከማድቤት ሆና ይህን ሁሉ ታያለች፤ ምን እያደረጉ ነው አላለችም። ሽብሬም አልነገረቻትም። ውስጧ ግን አንድ ነገር ይንቆራጠጣል፤ ጠይቂኝ እንጂ፣ ይላል፤ እንድትጠይቃትም አትፈልግም። የታጠበውን አሸዋ በትንሹ ሳህን ላይ አድርጋ ክፍሏ ገባች፤ አዱሬ አንድ እግሯን አሳርፋ እርጥበቱ ሲነካት መዳፏን አራግፋ ሄደች። ደግሞም ሽብሬ አንድ ስኒ ውሃ ብታፈስበት አልጠጣውም፤ ወደ ታች ወርዶ ሳህኑ ላይ ቆመ። ይህ ቢደርቅም እንኳ ሽንቱን ከሥሩ አጠራቅሞ ቤቱን በሙሉ ሊያገማው ነው። የሚደርቀውም ለነገ ነው። ለነገ የሚሆን ነገር ዛሬ ማታን አያድንም።

ሁለተኛ የሄደችው ቡና መፈልፈያው ዘንድ ነው። ከወፍጮው ጀርባ የቡናው ገለባ እንደ ኮረብታ ተከምሯል፤ ቀላል ነው፣ ደረቅ ነው፣ የፈለገ ሰው ይወስደዋል። የሚያፍሱት ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረዋል። ያንን ስታይ መመለስ ነበረባት፤ አልተመለሰችም። እጇን ክምሩ ውስጥ ስትከት ቡኒ ጭጋግ ፊቷን ሸፈነው፤ ቆማ እስክታነባ ሳለች። ከሥር ያለው ደግሞ እርጥብ ነው፣ ሻግቷል፤ እፍግ ያለ ሽታ አለው። እንዲያም ሆኖ ከላይ ከላዩ ለቅማ በጆንያ ቁራጭ ቋጠረች፤ ባዶ እጇን መመለስ አልሆነላትም። መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው ለራሷ የታወቃት፤ የያዘችው ከአመዱ የባሰ ነው። ቢሆንም አልጣለችውም። ሰው ሲጨንቀው የማይረባውንም አጥብቆ ይይዛል።

የአራጌ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ መንገዷ ላይ ነበር። አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ጠራት። ከማሳደጓ የቀረለት አንድ ነገር ይህ አጠራሩ ነው፤ «እታለም!» ይላታል፣ እንደ ሕፃን። በሳፋና በባልዲ መካከል ቆሞ ነበር፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

«ምን ይዘሽ ነው?»

«ገለባ።»

አራጌ ጠጋ አለ። ገለባውን አየ፤ ፊቷን አየ፤ ቀሚሷ ላይ ያለውን አቧራ አየ። ከኋላው፣ ወንበሩ ሥር፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጎኑ በሙሉ ተበስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ዳርና ዳራቸው እንዳይተረተር በእሳት ተለብልቧል። ድመቷ መንገድ ላይ እንዳትታፈን ተጠንቅቆ ነው የሠራው። ሽብሬ ያንን ከረጢት ስታይ ከንዴቷ ይልቅ የበሳው እጅ ነው ልቧን ያመማት፤ ያንን እጅ ስፒል እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። «ምሳ በላሽ?» አላት። «በላሁ» አለችው፤ አልበላችም። ደንበኛ ገባ። አራጌ ወደ ደንበኛው ዞረ፤ ፊቱ ቀለል ሲለው አየችው። መንገዷን ቀጠለች፤ ገለባውንም ያገኘችው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው።

ረዲ ከአውቶቡስ ተራው በላይ ሱቅ አለው፤ ሌላው ዘንድ ያልተገኘ ዕቃ እሱ ዘንድ ይገኛል። አባቱ ከስልጤ መጥተው የጀመሩት ሱቅ ነው፤ እሱ እዚሁ መቱ ተወልዶ አድጎ ለገበያተኛው ሁሉ በየቋንቋው ይመልሳል። ሽብሬ እያፈረች ጠየቀችው፤ ለድመት መጸዳጃ የሚሆን፣ አቧራ የማያነሣ ነገር። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ረዲ ግን ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ መሰላል አቆመና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ከረጢት አወረደ። «እትዬ ሽብሬ፣ ወላሂ አላህ ነው ያመጣዎት። ለሥራ መጥታ እዚህ የከረመች አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ አዝዛ ያስመጣችው ነው። ዕቃው ሳይደርስ ተዛውራ ሄደች፤ ይኸው ቆሞ ቀረ።» ከረጢቱ ላይ ነጭ ድመት ተሥላለች፣ አንገቷ ላይ ሪባን አስረዋል። ሽብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠዋት ወዲህ ትንፋሿ ሙሉ ሆነ። በሠለጠነ አገር የተሠራ፣ ለዚሁ ብቻ የተባለ። «ክፈተውና ልየው» አለች። ረዲ በመቀስ ቀደደውና ካርቶን ላይ ደፋው። ግራጫ ደቃቅ ጠጠር ነው፤ ሲወርድ ግን ከሥሩ አመድ የመሰለ ጭስ ቦነነ፤ በላዩ ላይ ደግሞ የሽቶ ሽታ ሱቁን ሞላው፤ የሙሽራ ቤት ሽታ። ረዲ ደጋግሞ አነጠሰ። «ይሄማ ዱቄት ነው!» አለ ዓይኑን እየጠራረገ። ሽብሬ ዳናዊት ባለፈው ፋሲካ አንዲት እንግዳ ሽቶ ተቀብታ ስታቅፋት ሳል እንዴት እንደያዛት አስታወሰች። ረዲ በግማሽ ዋጋ ልስጥዎት አላት፤ ከዚያም እንዲያው ይውሰዱት አላት። «አይሆንም ረዲ። የታመመች ልጅ አለች ቤት ውስጥ።» ረዲ ከረጢቱን መልሶ እያጠፈ፣ «ልጅቷን አላህ ያሽርልን። እንጨት ቤት አልሞከሩም? ሰጋቱራ?» አላት።

ሰጋቱራ ቀድሞ አስባው ነበር፤ ግን ሰጋቱራም ዱቄት ነው ብላ ትታው ነው። ቢሆንም ወደ ኩምሳ እንጨት ቤት ወረደች፤ ሌላ የሚኬድበት አልቀረም፤ ፀሐይም ከአናት ዘወር ብላለች። ኩምሳ ከነወንድሞቹ ከጣውላ መሰንጠቂያው ጋር በጩኸት ይታገላል። መጥረቢያ ይሁን መጋዝ አንድ ነገር ሲይዝ ነው የሚያምርበት የሚባል ሰው ነው፤ ሲያያት ማሽኑን አጠፋው።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ሽብሬ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላት።

«ፈያ፣ ኩምሳ። ሰጋቱራ ፈልጌ ነው።»

«ዶሮ ሊያረቡ ነው?»

«ለድመት ነው።»

ኩምሳ ሳቀ። «አዱሬ ፍራሽ ላይ ልትተኛ ነዋ!» አለ፤ ወንድሞቹም ሳቁ። ሽብሬ አልሳቀችም፤ እሱም አለመሳቋን ሲያይ ሳቁን ዋጠና ወደ ጓሮ መራት። ጓሮው በሙሉ የእንጨት ብጣሪ ነው። ከመሰንጠቂያው ሥር ያለውን ሰጋቱራ አንሥታ በፀሐዩ አንጻር አፈሰሰችው፤ እንደ ፈራችው ሆነ፤ ግማሹ ወርዶ ግማሹ አየር ላይ ቀረ። ቺፑድ ከሚቆርጡበት አጠገብ ያለው ደግሞ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ እሱን አልነካችውም። ልትወጣ ስትል ነው ጥግ ላይ፣ መላጊያ ከሚገፉበት ጠረጴዛ ሥር፣ የተጠቀለለውን ያየችው። መጋዝ እንጨቱን ይፈጨዋል፤ መላጊያ ግን ይልጠዋል። ጠረጴዛው ሥር የወደቀው የዋንዛ ልጥ ቀጭን፣ ሰፊ፣ እንደ ተላጠ ሽንኩርት የተጠማዘዘ ነው። ሁለት እጇን ሞልታ አነሣችና ወደ ፀሐዩ ወስዳ በተነችው። ወረደ። ደግማ በተነችው። ወረደ። ከሥሩ ያለው ትንሽ ደቃቅ አለው፤ ያም ይበጠራል። አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አሸተተችው፤ ቀለም የለው፣ ቫርኒሽ የለው፤ እንጨት እንጨት ብቻ ይሸታል። «ይኼን ከጥዱ ጋር አትቀላቅልብኝ» አለችው። የጥዱ ሽታ ራስ ይይዛል። ኩምሳ ከረጢት ያዘላትና እስኪሞላ ሲጠቀጥቅ፣ «የሚጣል ነገር እኮ ነው፤ ሲፈልጉ ይምጡ» አላት። «ገለቶሚ» ብላ አመስግናው ከረጢቱን ተሸክማ ወጣች። ቀልሏት ነበር። ሊጨልም ነው የሚል ነገር እግሯን እያባረረው ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችው፤ ሊጨልም ግን ገና ነበር።

ግቢ ስትደርስ ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስ አይታ ከቤቱ ርቃ ሰፌድ ላይ አበጠረችው። ደቃቁ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ልጡ ቀረ። ረጃጅሙን በድመቷ እግር ላይ እንዳይጠመጠም በእጇ ሰባበረችው። ጀሪካኑን በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ ሞላችው፤ አልጋ ሥር ሳይሆን መስኮቱ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት አስቀመጠችው። አዱሬ መጣች። አሸተተች። ዞረች። ወደ አልጋው ሥር ገብታ አመዱ በነበረበት ባዶ ወለል ላይ ጫረች፣ ጮኸች፣ ወጣች፣ በሩን ቧጠጠች። ሽብሬ ተቀመጠች፤ ተነሣች። አንሥታ ጀሪካኑ ውስጥ አስገባቻት፤ አዱሬ እንደ ተቃጠለ ሰው ዘላ ወጣች። የአራጌ የሱቅ መዝጊያ ሰዓት እየቀረበ ነው። ድመት የለመደውን ካላገኘ ጥግ ፈልጎ ያበላሻል፤ ዛሬ ይህ ክፍል ውስጥ አንድ ጥግ ቢበላሽ ነገሩ ሁሉ አበቃ። ከዚያ አንድ ነገር መጣላት። በጣሳው ያስቀረችውን አመድ አነሣች፤ ድመቷ ትናንት የሸናችበት የረጋ ጓል ከውስጡ ነበር። ጓሉን ብቻ በእንጨት አውጥታ ልጡ ላይ አኖረችው። አዱሬ ከበሩ ሆና አየችው፤ ቀስ ብላ መጣች፤ የራሷን ሽታ አገኘች። ገባች። ጫረች። ልጡ ተንኮሻኮሸ። ሽብሬ ትንፋሿን ይዛ የፀሐዩን መስመር ታያለች፤ ከምዕራብ በኩል በሌላኛው መስኮት የገባ፣ ቢጫ፣ አግድም የሆነ ብርሃን ነው። አዱሬ ጎንበስ ብላ ሸናች፤ እንጨቱ ጠጣው፤ ሸፈነችው፤ ወጣች። ብርሃኑ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ሽብሬ ሳቀች። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ሳቀች። በሩ ተንኳኳና ነፃነት አንገቷን አስገባች። ይህን ክፍል ከረገጠች ብዙ ጊዜዋ ነው።

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ነይ ግቢ። በሩን ዝጊው።»

ሽብሬ ከጣሳው አመድ በጣቷ ቆንጥራ በብርሃኑ ውስጥ ለቀቀችው። ነፃነት ብናኙ እየተንሳፈፈ ወለሉን ሲያለብስ ቆማ አየች። ከዚያ ሽብሬ ልጡን በእፍኟ አንሥታ ለቀቀችው። «ያንን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች። «ልጅሽ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ወለል ላይ ተኝታ ስትስበው የኖረችው እሱን ነው። ይህን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ፀጉሩም ይሆናል፣ አላውቅም፤ አቧራውን ግን በዓይኔ አየሁት።»

ነፃነት አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። «ፀጉሩስ ከሆነ?»

«ፀጉሩ ከሆነ ሁሩሙ ድረስ ራሴ አደርሳታለሁ። እስከዚያ በሬን ዘግቼ ይዣት ልሞክር። ዳናዊት እዚህ አትገባም፤ በመስኮት ታያታለች።»

አራጌ የገባው ይህን ሲነጋገሩ ነው። የተበሳሳውን ከረጢት ከኋላው ይዞታል፤ የሰረቀ ሰው ይመስላል። ነፃነት ዞር ብላ፣ «አስቀምጠው። አትወሰድም» አለችው፤ ስለ አመዱም ባጭሩ ነገረችው። አራጌ ጀሪካኑን አየ፤ ድመቷን አየ፤ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ጥሩ ነዋ! ተስማማን ማለት ነው» አለና ሊወጣ ዞረ።

«አራጌ» አለች ሽብሬ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የድመቷን ጨረስን። እኔስ?»

«ምን አንቺስ?»

«ድመቷ ከሄደች እሷም ትከተላታለች የተባለው።»

አራጌ ኮምፔንሳቶውን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን አየ። «እታለም፣ እንደዚያ ማለት እኮ...» አለ። ነፃነት ናት የመለሰችው።

«ብያለሁ» አለች። «አልክድም። ሌሊቱን የልጄን ደረት እያየሁ ነው ያደርኩት፤ እሱን ግን ማሳበቢያ አላደርገውም። ከዚያም በፊት አስቤዋለሁ።»

«ምን በድዬሽ?»

«ምንም። ምንም አይሉኝም። እዚህ ቤት ሁለት ሴቶች አለን፤ አንዷ የምታስበውን ሌላዋ አታውቅም። ቅር ያልዎት እንደሆነ ከድስት አቀማመጥዎ ነው የማውቀው። ድስቱ ሲጮህ ምን አጠፋሁ እያልኩ አድራለሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሽብሬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሷ ዝም የምትለው የሰው ቤት ስለሆነ ነበር፤ የሰው ቤት ውስጥ ሰው አፉን ይሰበስባል። ይህንኑ ተናገረችው፤ ስትናገረው ግን ልክ አልመሰላትም፤ አራጌም እንደተመታ ሰው ቀና አለ። «የሰው ቤት?» አለ። «የማን ሰው?» ከረጢቱን እጁ ውስጥ ጨመደደው። «ጠዋት መመለስ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እሷ ተናገረች፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ከዚህ ቤት የትም አትሄጂም። ነፃነት፣ አንቺም ስሚኝ፤ የትም አትሄድም።» ነፃነት ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች፤ በደስታ ይሁን በድካም አይታወቅም ነበር። አራጌ ዓይኑን ሊያብስ ይሁን ሌላ፣ ወደ ውጭ ወጣ። ልጅቷ ከወዲያ ተጣራች፤ ነፃነትም ሄደች። ሽብሬ በኮምፔንሳቶው በኩል ጆሮዋን ሰጠች፦ ዳናዊት ውሃ ጠየቀች፤ ጠጣች፤ «አዱሬ አለች ወይ?» አለች፤ «አለች፣ ነገ በመስኮት ታያታለሽ» አለቻት እናቷ። ደረቷ ትንሽ ትንሽ ያፏጫል፤ የሌሊቱ ዓይነት ግን አይደለም።

ሽብሬ የተረፈውን ልጥ ልታበጥር ከረጢቱን ይዛ ግቢ ወጣች። እጆቿ አላርፍ ብለዋት ነው። ቆይታ ነፃነት ተከትላት መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«ይኼን ከየት አገኙት?»

«ኩምሳ እንጨት ቤት። መጀመሪያ አሸዋ ጋ፣ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ ረዲ ሱቅ፤ ዞሬ ዞሬ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? ምን ብቻዎን አዞረዎት? ሰው አይጠሩም?»

«ማንን ልጥራ?»

ነፃነት ጎንበስ አለች። ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሰፌዱን ከሽብሬ እጅ ወሰደችና ማበጠር ጀመረች። አላወቀችበትም፤ ልጡ ወደ ፊት ይበተናል፣ ደቃቁ ተመልሶ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ ግን አላቆመችም። ሽብሬ ትንሽ አየቻት፤ ዝም ልትል ነበር።

«ወዲህ ዙሪ» አለቻት። «ነፋሱ ወደ አንቺ ነው።»